የወለደው ነው ያሳደገው?

ስልኩ የተደወለልኝ ረፋዱ ላይ፣ አጋሮ ባለችው ሱቄ ደብተር ስደረድር ነው። የደወለችው የጋሽ ደምሴ ልጅ ሰብለ ነበረች። ስታለቅስ አልሰማኋትም፤ አልቅሳ ጨርሳ ነው የደወለችው።

«አባዬ ዛሬ ጠዋት አርፏል» አለችኝ። «ቀብሩ ነገ ስምንት ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪኩን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ የምታነቢውም አንቺ። ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበት አልፈልግም።»

«እሺ» አልኳት።

«እስከ ሰባት ቤቱ ጻፊልኝ። የጂማን ሰው ዘር ሁሉ ሲቆጥር ኖሮ የራሱ ሳይቆጠር አፈር አይለብስም።»

ይሄኛውን እሺ ማለት አቃተኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች።

ሰብለ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ። የአባቷ የዘር ሐረግ አያታቸው ላይ ሲደርስ ይበጠሳል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። «አፍሽ እንደ ጽሕፈት መኪናሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል» እያሉ ሲቀልዱብኝ የኖሩ ሰው እንዲህ ያለውን ምስጢር ለኔ መንገራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አላስማሉኝም፤ ማስማል ልማዳቸው አልነበረም። እኔም ወሬ የማይቋጠርልኝ ሴት፣ ያችን ነገር ለባሌ እንኳ አልነገርኩም።

በማግስቱ ከአጋሮ ጂማ በሚኒባስ ስሄድ ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቼ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንደኛው ሰብለ የምትፈልገው ነው፣ ሰባቱ ስም ያለ እንከን የተደረደረበት። ሁለተኛው እውነቱ ነው። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የትኛውን እንደማነብ ግን ጂማ እስክገባ ድረስ አልወሰንኩም፤ የእውነቱ ወረቀት የምታስደነግጠው ሰብለን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቅኩ።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ለሁለት ተከፍላለች። በቀኝ የሳቸው ልብስ ስፌት፣ በግራ የኔ የጽሕፈት መኪና። መካከላችን ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለነበረ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» የምለው እኔ ነኝ፤ እኔም ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ በወዲያ በኩል «ተይው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሉኛል። የደንበኛዬን አባት የማያውቁበት ቀን አልነበረም።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አያወርዱም፤ አንድ እሑድ ከነሜትራቸው ሲያስቀድሱ አይቻቸዋለሁ። መርፌ ቁልፎቹን በከንፈራቸው ይይዙና በዚያው ያወራሉ፤ አንድም ቀን ውጠው አያውቁም። ከከንፈራቸው አውጥተው ትራሷ ላይ ከሰኳቸው ግን ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

ስፌታቸው ደህና ነበር፤ ሰው የሚፈልጋቸው ግን ለስፌቱ ብቻ አልነበረም። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ አለመሆናቸው መጣራት አለበት። አባቶቻችን በመጡበት አገር ይህ ቀላል ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ የሁሉን ያውቃል። ጂማ ላይ ግን የአንዱ አያት በወታደርነት መጥቶ ሊሙ የቀረ ነው፤ የሌላው ቅድመ አያት በቅሎ እየነዳ ለንግድ መጥቶ ቡና አስቀርቶታል፤ የሌላው በጸሐፊነት ተዛውሮ መመለሻውን ረስቷል። አገሩን የተወ ሰው ስሙንም የሚተው አለ። ታዲያ ልጆቻቸው ሲዋደዱ ማን ይቁጠር? ጋሽ ደምሴ።

አቆጣጠራቸው የልብስ ሰፊ ነበር። ሁለት ክር ያወጣሉ፣ ነጩ የወንዱ፣ ጥቁሩ የሴቷ። ሽማግሌዎቹ ስም በጠሩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። አንድ ስም በሁለቱም ክር ላይ ከመጣ አገሩን፣ ዘመኑን፣ የጦር አለቃውን ሳይቀር ይጠይቃሉ። ያው ሰው ሆኖ ከተገኘ ሁለቱን ክር እዚያ ቋጠሮ ላይ አስረው ለሽማግሌዎቹ ይሰጣሉ፤ ጋብቻው ቀረ። ሰባቱ ቋጠሮ ካልተገናኘ ደግሞ ጫፉን በመቀስ ቀጭ አድርገው አንዱን ለሙሽራው፣ አንዱን ለሙሽሪት ይሰጣሉ። ጂማ ውስጥ ያችን ክር ከመስቀሉ ጋር ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ባልና ሚስት ብዙ ነው።

በየቋጠሮው የማይቀር አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «የወለደው ነው ያሳደገው?»

ሰው በዚህ ጥያቄ ይናደድባቸው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ «ምን አገባህ! አባቴ አባቴ ነው!» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ አባትዎን አልነካሁም» አሉ ጋሽ ደምሴ በመርፌ ቁልፎቹ መካከል። «ያሳደገ አባት ነው፤ ከወለደም ይበልጥ ይሆናል። እኔ የጠየቅኩት ደሙን ነው። ሁለት ልጆች በስም ምክንያት በከንቱ እንዳይለያዩ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ አባባላቸውን ልብ አላልኩትም።

ከገጠር ሱሪ ለማሳጠር የሚመጡ የኦሮሞ ገበሬዎች ሲያገኙ ደስታቸው ሌላ ነበር። «ጎስቲ ኬ ማሊ?» ብለው ጎሳቸውን ይጠይቋቸዋል። ሰዎቹም ሱሪያቸው እስኪያልቅ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ቆመው አሥር ትውልድ ያወርዱላቸዋል። ሲሄዱ ወደኔ በኮምፔርሳቶው አናት ብቅ ይላሉ። «ሰማሽ? አሥር! የኛ ሰው አያቱ ላይ ሲደርስ ውኃ አምጡልኝ ይላል።»

አንድ ቀን ቆጠራውን ሁሉ በመኪና ልጻፍልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ለየቤቱ አንድ አንድ ወረቀት፣ ከታች ማኅተም የመሰለ ነገር። እንዲያውም ርእሱን አስቤ ነበር። ጋሽ ደምሴ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው አውጥተው ትራሷ ላይ ሰኩ።

«አይሆንም፣ የኔ ልጅ። ዘር በአፍ ሲሆን ለሠርግ ነው። ወረቀት ላይ ሲወርድ ለምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

ዘመኑ ዘር መጠየቅ የተጀመረበት ነበርና ነገሩ ገባኝ፤ ወረቀቴንም መለስኩ።

ሠራዊቱ በተበተነ በዓመቱ ገደማ አንድ ሙላት የሚባል የቀድሞ አሥር አለቃ ጂማ መጣ። ጦሩ ሲፈርስ ከሰሜን በእግሩ የተነሣ የወሎ ልጅ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከም የአንድ ቤተሰብ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የልጅቷ አባት ግን «ሰባት ቤቱን ያስቆጥር» አሉ። ሙላት አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ ለውትድርና የታፈሰ ነው፤ የሚያውቀው አባቱን፣ አያቱንና አንድ ቅድመ አያቱን ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ ነጩን ክር ሦስት ቋጥረው እጃቸው ላይ ቀረ።

እኔ በጽሕፈት መኪናዬ ለቀዬው ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ወር ጠበቅን፤ መልስ የለም። ልጅቷ ከሳች። አባቷ ለሌላ ሰው ቀን ሊቆርጡ ነው ተባለ። ያን ሳምንት ጋሽ ደምሴ ሱቃቸውን ዘግተው ከሙላት ጋር ለሽምግልና ሄዱ። ደብዳቤ ጸሐፊዋ ነኝ ብዬ እኔም ተከተልኩ፤ ማንም አልጠራኝም።

«ለመሆኑ የዚህ ልጅ ወላጅ ማን ነው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። «እኔ።»

ቤቱ ሳቀ። ሁሉም ያውቋቸዋል። «ደምሴ፣ መቼ ወለድከው?»

«ወልጄዋለሁ አላልኩም። ማን ያሳድገዋል ብላችሁ ጠይቁኝ።»

«እሺ፣ ማን ያሳድገዋል?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ። ቢያጠፋ ከኔ ቤት ትጠይቁታላችሁ፣ ብትወልድለት ልጁ የኔ የልጅ ልጅ ነው።»

«ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም?» አሉ የልጅቷ አባት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው።

«ሰምቻለሁ። ልጓሙንም የሚይዝ ሰው እንዳለ ግን አይርሱ።»

ከዚያ የልጅቷ እናት ከጓዳ «እኔ ረክቻለሁ» አሉ፤ በዚያ ቤት የሴት ድምፅ በቆጠራ ላይ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ፤ ጋሽ ደምሴ ወደ ጓዳው ዞረው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሠርጉ ሆነ። የወሎው ደብዳቤ የመጣው የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ሊነሣ ሲል ነው፤ ስሞቹ እስከ ሰባት ተዘርዝረዋል፤ አንዱም አይገናኝም። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን የቀሩትን አራት ቋጠሮዎች ቋጠሩ። ለአራት ዓመት ያህል ዘመድ አጋብቼ ይሆን እያሉ በፍርሃት እንደኖሩ የዚያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

መታወቂያ የማደስ ነገርም መጣ። ቅጹ ላይ ብሔር የሚል መስመር አለ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ነዚፍ ጥሩ ልጅ ነበር፤ አባቱንም አያቱንም ያለበሷቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ብሔር?»

«የወለደኝን ነው ያሳደገኝን?»

ነዚፍ እስኪርቢቶውን እንደያዘ ቀና አለ። «ሁለቱ ይለያያሉ እንዴ?»

«አንተስ ምን ብለህ ሞላህ? አያትህ ባሕር ተሻግሮ ከየመን ጨርቅ ሊሸጥ የመጣ ነው። ሴት አያትህ ደግሞ ከዳውሮ ናት። እናትህ የሰቃ ኦሮሞ።»

«ወላሂ ጋሽ ደምሴ፣ መስመሩ አንድ ነው፤ ሦስት ሰው አይችልም!»

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነዚፍም ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ጂማ ብለህ ጻፍ» አሉት። «ጂማ ብሔር አይደለም፣ ማሎ አባኮ፣ እባክዎ አባቴ፣ አያስቸግሩኝ» አላቸው ነዚፍ። በመጨረሻ ስማቸውን አይቶ ራሱ አማራ ብሎ ሞላ። መንገድ ላይ መታወቂያውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ባሻ ተሰማ ደስ ይላቸው» ብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ባሻ ተሰማ ቅድመ አያታቸው እንደሆኑ፣ ከቡልጋ በወታደርነት ወደ ሊሙ እንደመጡ አውቅ ነበር። ቅድመ አያት በመታወቂያ ለምን ደስ እንደሚለው ግን አልገባኝም፤ አልጠየቅኩምም። ያልጠየቅኩት ብቸኛው ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

የገባኝ በእትዬ አስካለ ምክንያት ነው።

እትዬ አስካለ በዓመት ሁለቴ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ፣ ከሰቃ ቀሚስ ሊያሰፉ ይመጣሉ። ባላቸው የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ከጂማ ደህና ደህና ሰፊዎች መርጠው ማሰፋት ይችሉ ነበር። የጓሯቸውን ብርቱካን በዘምቢል ይዘው ይገባሉ፤ ለኔም ሁለት ያስቀምጡልኛል። ጋሽ ደምሴን «ወንድም ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «እኅቴ»። ጨርቁን ይሰጣሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ጥቂት ያወራሉ፣ ይሄዳሉ። ያለቀውን ቀሚስ በሰው ይልኩላቸዋል።

ብዙ ጊዜ ወስዶብኝ ነው ልብ ያልኩት፤ ጋሽ ደምሴ እትዬ አስካለን በሜትር ለክተዋቸው አያውቁም። የዕለት ደንበኛን ሳይቀር ሁለቴ የሚለኩ ሰው፣ የእሳቸውን ጨርቅ ዘርግተው በቀጥታ ይቆርጣሉ። አንድ ዓመት እትዬ አስካለ ታመው ከስተው መጡ። ጋሽ ደምሴ ምንም አላሉም፤ ሲቆርጡ ብቻ ከሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ቀነሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ለብሰውት ሲመጡ ቀሚሱ ልክክ ብሏል።

እትዬ አስካለ ሲሄዱ አላስቻለኝም። «ዘመድ ናችሁ እንዴ?»

«አምስተኛ ቤት።»

«አምስተኛ ቤት ደግሞ ዘመድ ይባላል? እኔ ሁለተኛ ቤቴንም በደንብ አላውቅ!»

ጋሽ ደምሴ መርፌ ቁልፎቹን ከከንፈራቸው አውጥተው ትራሷ ላይ ሰኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነጭና ጥቁር ክር አወጡ። አርጅተው ሁለቱም ቡናማ መስለዋል። አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ታስረዋል።

«ይሄ የኔና የሷ ነው» አሉ።

እሳቸው ሃያ አራት፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው ሰቃ ላይ ተዋደዱ። ሁለቱም ቤት ተስማማ። የቆጠራው ዕለት የጋሽ ደምሴ አባት አቶ በላይነህ ራሳቸው ቆመው ቆጠሩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በኩራት፦ ደምሴ የበላይነህ፣ በላይነህ የይገዙ፣ ይገዙ የባሻ ተሰማ፣ ተሰማ የወልደ ሚካኤል፣ ወልደ ሚካኤል የድልነሳ። ድልነሳ ሲባል የአስካለ አባት እጃቸውን አነሡ። የቡልጋው ድልነሳ የእነሱም አምስተኛ ናቸው። አለቀ። «እኅትህ ናት» አሏቸው ሽማግሌዎቹ። ዓመት ሳይሞላ አስካለ ተዳረች።

«ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ አባቴ ሊሞት ሲል ጠራኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «አያትህን ይገዙን ባሻ ተሰማ አልወለዱትም አለኝ። ከዘመቻ ሲመለሱ መንገድ ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ሦስት አራት ዓመቱ ቢሆን ነው። በቅሎ ላይ አስቀምጠው ይዘውት መጡ፣ አሳደጉት። ማን እንደወለደው፣ የየትኛው አገር ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ… እናንተ ዘመድ አይደላችሁማ!»

«በደም፣ አይደለንም።»

«አባትዎ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«እኔም ጠየቅኩት። በሰው ፊት አባቴን መልሼ መንገድ ዳር ላስቀምጠው? አለኝ።» ክሩን በጣታቸው አሻሹት። «ሁለት ዓመት መቃብሩ አጠገብ አልደረስኩም። ከዚያ ነው ለሰው ሁሉ መቁጠር የጀመርኩት።»

«ለእትዬ አስካለስ ነገሯቸው?»

«አራት ልጅ ወልዳለች፤ ባሏ ደግ ሰው ነው። ሄጄ ለካ በከንቱ ነው የተለያየነው ልበላት? ሰምታ ምን ታደርገዋለች? እንደ እኅት ትመጣለች፤ እንደ ወንድም እሰፋላታለሁ። እሷ ሳታውቅ ብትኖር ይሻላል።» ክሩን መሳቢያው ውስጥ መለሱት። «ሜትር እንደማልይዝላት ግን እንድታዪ ብዬ አልነበረም፤ ዓይንሽ ነው እንጂ ያየው።»

ያን ቀን የጽሕፈት መኪናዬን አልነካሁትም። ተናድጄ ነበር፣ በሽማግሌዎቹም፣ በአባታቸውም፣ በሳቸውም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔ አግብቼ አጋሮ ገባሁ። የሰባት ቤት ክሬን የቋጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። «የአንቺን ዘር ቆጥሬ ስጨርስ ሦስት ቀን ራሴን አመመኝ» እያሉ ለሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ጂማ ቤቾ ቦሬ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ገባሁ። እውነቱን ካላነበብኩ፣ ዕድሜ ልካቸውን «የወለደው ነው ያሳደገው» ሲሉ በኖሩ ሰው ሬሳ ፊት መዋሸቴ ነው። ካነበብኩ ደግሞ እትዬ አስካለ በሰው መሐል ቆመው፣ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሊሆን የነበረው ጋብቻቸው በከንቱ እንደፈረሰ ከኔ አፍ ይሰማሉ። አሥር አለቃ ሙላት ከሦስት ልጆቹ ጋር ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ነዚፍ ከመስጊድ ጓደኞቹ ጋር ጥላ ሥር ቆሟል። እትዬ አስካለን ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል፤ ቀሚሳቸው የዚያኑ ዓመት የፋሲካ ነው።

አስፈቅጄ ልወስን ብዬ ተጠጋሁ። «እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ደምሴን የዘር ሐረግ ጽፌ ነበር። አያታቸው ይገዙ ላይ ስደርስ…»

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። «ደረስሽበት?» አሉ በዝግታ። «የሊሙ ሽማግሌዎች ነግረውሽ ነው?»

ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ አዞርኩ።

«ይገዙ የተገኘ ልጅ እንደሆነ እኔ የዚያኑ ዕለት አውቄአለሁ» አሉ። «የቆጠራው ዕለት። ሴት አትጠየቅም፣ ጓዳ ሆነን ነው የምንሰማው። የደምሴ አባት፣ ይገዙ የባሻ ተሰማ፣ ሲሉ አያቴ በጆሮዬ፣ አልወለዱትም፣ ከመንገድ ነው ያነሡት፣ የሷ እናት በቅሎው ላይ ሆኖ ሲገባ በዓይኗ አይታው ነበር አለችኝ። ወጥታ ልትናገር ተነሣች። ቀሚሷን ይዤ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁታ። አባቱ ሲቆጥሩ እንዴት እንደሚያያቸው! ስም በተጠራ ቁጥር አንገቱ ቀና ይላል። ያንን ነጥቄ ምን ይዤ ልገባ ነው ቤቱ? ዘር ከምነሳው ባል ልጣ አልኩ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ማሎ፣ ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ። እሱ አላወቀም። ሳያውቅ ነው የሄደው። አይደል?»

አዩኝ። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ምስጢር ይዘው ተያይተዋል፤ አንዱ ለአንዱ ሲል። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሁሉን ያውቁ እንደነበር፣ ክሩ መሳቢያ ውስጥ እንደነበረ፣ ሜትር ለምን እንደማይዙ። አርባ ዓመት የተሸከሙትን ግን ለኔ ምላስ ስል ላስጥላቸው አልቻልኩም።

«አያውቁም ነበር» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ እትዬ አስካለ። እጄን ለቀቁኝ።

የመጀመሪያውን ወረቀት አነበብኩ። ደምሴ የበላይነህ፣ በላይነህ የይገዙ፣ ይገዙ የባሻ ተሰማ፣ እያልኩ እስከ ሰባት። ይገዙ ላይ ስደርስ ድምፄ አልተደናቀፈም። ሰብለ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ዋሸሁ ብዬ ግን አላስብም፤ አንድ ወታደር አንድን ልጅ አንሥቶ በቅሎው ላይ ካስቀመጠ አባት ሆኗል ማለት ነው፣ ጋሽ ደምሴም ለሙላት የሆኑት ይህንኑ ነው።

እትዬ አስካለ ካለፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሁለተኛዋን ወረቀት ከዚያ በኋላ ለሰብለ ሰጠኋት። አንብባ፣ ብዙ ቆይታ፣ «ጻፊው» ያለችኝ እሷ ናት።

የዚያን ዕለት፣ ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ውስጥ ገባን። ከፊት ያለው አግዳሚ ለቤተ ዘመድ የተተወ ነው፤ ሰብለ ብቻዋን ተቀምጣበታለች፤ እናቷ ቀድመው አርፈዋል፣ ጋሽ ደምሴም ወንድምም እኅትም አልነበራቸውም። እትዬ አስካለ ከበሩ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄዱ። ሰው የምታስቀምጠው የእድር ሴት መንገድ ላይ ያዘቻቸው።

«እናቴ፣ ይሄ የቤተሰብ ነው። ለሟች ምናቸው ነዎት?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኅቱ ነኝ» አሉ። «ይቆጠርልኝ ብትይ፣ አምስተኛ ቤት።»

ሰብለ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።